መብራቱን የዘረጋሁት እኔ ነኝ

ጡረታ በወጣሁ ቀን ዓይኔ ቀልቶ ያዩኝ ሰዎች መለያየቱ ከብዶኝ ያለቀስኩ መስሏቸው ነበር። አላለቀስኩም። በንዴት ነው የቀላው።

ሽኝቱ በድርጅታችን ግቢ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ፊት ለፊት ነበር። ወንበር ተደርድሯል፣ ኬክ ቀርቧል፣ የምለብሰው ጋቢ ታጥፎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጃችን ደሳለኝ ማይክራፎን ይዞ ተነሣ። አቶ ልለው ይገባኝ ነበር፤ አልልም። ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል። አሥራ አንድ ዓመት አለቃዬ ሆኖ ሲኖር ሰው ፊት «እርስዎ»፣ ለብቻችን ስንሆን «አንቺ» ይለኝ ነበር። የዚያን ቀን ሰው ስለነበረ «እርስዎ» ሆንኩ።

«ወይዘሮ ወይንሸት በአሰላም በወረዳዎቹም ያልዘረጉት መስመር፣ ያልሰቀሉት መብራት የለም» አለ። «ይህን ሁሉ ዘመን ሲሠሩ በእጃቸው አንድም አደጋ አልደረሰም!»

ተጨበጨበ። ኬኩን የምቆርስበት ቢላዋ እጄ ላይ ነበር። መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አደጋ ደርሷልና። የደረሰባት ሴት ሙና ትባላለች። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ካጨበጨቡት ውስጥም የሚያውቁ ነበሩ።

ያን ቀን ምን እንዳደረግሁ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ሥራዬን ልንገራችሁ፤ ሥራውን ካላወቃችሁ ጥፋቴ የቱ ጋ እንደሆነ አይታያችሁም።

የኤሌክትሪክ ሙያ የተማርኩት ቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። በክፍላችን ሴቶች ሁለት ብቻ ነበርን፤ ሌላዋ አግብታ ተወችው። እኔ የቤት፣ የወፍጮና የሱቅ መስመር የሚዘረጋ ድርጅት ውስጥ ተቀጠርኩ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ዛሬም እንጀራቸውን የሚያገኙበት ደህና ሰዎች አሉ። የመጀመሪያ ምድቤ ጢቾ ነበር። የጢቾ የጠዋት ብርድ የገመዱን ልባስ አድርቆ አልታጠፍም ያሰኘዋል፤ እጅም ፒንሳ አልጨብጥ ይላል። እሱንስ ለመድኩት። ያልለመድኩት የጣቢያውን ኃላፊ ነው።

«ቀሚስ ለባሽ መሰላል ላይ ምን ትሠራለች?» አለኝ።

በማግስቱ ሱሪ ለብሼ መጣሁ።

«ሱሪ የለበሰች ሴት ደግሞ ደንበኛ ታሸሽብናለች» አለ።

ስምንት ወር ሙሉ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጬ አምፖል ሳድል ከረምኩ። ሰውዬው ከሞተ ቆይቷል፤ ንዴቴ ግን አብሮት አልተቀበረም።

ከጢቾ ወደ ሁሩታ ተዛወርኩና ጋሽ ሙሳን አገኘሁ። ጋሽ ሙሳ የዚያው የሁሩታ ሰው ናቸው፤ የድርጅቱ አንጋፋ ባለሙያ። ቀለም የቆጠሩት ጥቂት ክፍል ነው፣ የቀረውን የተማሩት ከሽቦው ነው። የመጀመሪያ ቀን መሰላሉን ግድግዳ ላይ አስደገፉ፣ እግሩን በሁለት እጃቸው ያዙና «ውጪ» አሉኝ። ሌላ ንግግር አልነበረም። ወጣሁ።

«ኢንተላ ኮ» ይሉኝ ነበር፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። ሲያስተምሩ ኦሮምኛና አማርኛውን አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይቀላቅሉታል፤ ሲቆጡ ግን አማርኛው ይጠፋቸዋል። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። ብረት ስለሆነ ነው ብዬ ገምቼ ነበር።

«እሱም አለ» አሉኝ ስጠይቃቸው፣ «ግን ሰዓት እያየሁ ስሠራ እጄ ይሳሳታል።»

ሽቦ ሲዘረጉ ሁለቱንም ጫፍ በናስትሮ ጠቅልለው ቁጥር ይጽፉበታል። ሲጨርሱ የመስመሩን ሥዕል በእስክሪብቶ ስለው ከሳጥኑ ክዳን በስተውስጥ ይለጥፉታል፤ ነገ የሚከፍተው ሰው እሳቸውን ፈልጎ ላያገኝ ይችላላ። ሽቦ ኤሌክትሪክ እንደሌለው ለማረጋገጥ ደግሞ ሦስት ጊዜ ይለካሉ። መጀመሪያ ቴስተሩን ኃይል እንዳለው በሚያውቁት መስመር ላይ ይሞክሩታል፣ ከዚያ የሚነኩትን ሽቦ ይለካሉ፣ ከዚያ ተመልሰው የመጀመሪያውን እንደገና ይለካሉ። ቴስተሩ መሃል ላይ ተበላሽቶ እንደሆነስ? ሌሎቹ ይስቁባቸው ነበር። እኔ ግን አንድ ቀን ኦጎልቾ ወፍጮ ቤት ውስጥ ቴስተሩ ሽቦውን «የለበትም» ካለኝ በኋላ ተመልሼ የመጀመሪያውን ስለካ እሱንም «የለበትም» አለኝ። ባትሪው አልቆ ነው። ልይዘው እጄን ዘርግቼለት የነበረው ሽቦ ሙሉ ኃይል ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ማንም ቢስቅ ግድ አልሰጠኝም።

እንግዲህ ተራ በተራ የሚበራውን መብራት፣ በኋላ ስሜ የተነሣበትንም የወደቀበትንም ሥራ፣ ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። ያኔ የዛሬው ዓይነት መቆጣጠሪያ አልነበረም። ጋሽ ሙሳ ከአሮጌ የስፌት መኪና ሞተር ጋር የእንጨት ሲሊንደር አያያዙ፤ በሲሊንደሩ ዙሪያ የመዳብ ቁራጮች በምስማር መቱ። ሲሊንደሩ ሲዞር ቁራጮቹ በየተራ ሽቦ እየነኩ ስምንት አምፖሎችን ያበራሉ። የአንድ ምግብ ቤት በር ላይ ሰቀልነው። የገበያ ቀን ነበር፤ ገብስና ሽንኩርት የጫነ ሰው ሁሉ አህያውን አቁሞ ያያል። ባለ ምግብ ቤቱ መንገድ ተዘጋ ብሎ እኛኑ ተቆጣ።

በኋላ ሁለታችንም አሰላ ተዛውረን ሳለ ኤልኢዲ መጣ፤ ከእሱ ጋር ደግሞ ባለ ስምንት ቻናሉ፣ ስምንት መስመር ለየብቻ የሚያዘው መቆጣጠሪያ። መጽሐፍ የምታክል ሳጥን ናት፤ አብሯት የመጣው ወረቀት በቻይንኛ ነው። ጋሽ ሙሳ ጡረታቸው ደርሶ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን «ለእናንተ ትቼዋለሁ» ይል ነበር። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ቀን ከጠረጴዛው አልተነሡም። እኔ እለካለሁ፣ እሳቸው ይስላሉ። የገባን ነገር ይህ ነው፦ ፖዘቲቩ ሽቦ ለሁሉም መብራት አንድ ነው፤ ኔጌቲቩ ግን ለየቻናሉ ለብቻው ይመጣል። ሳጥኗ የምትሠራው ስምንቱን ኔጌቲቮች በተራ መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሥራችን አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበር። ረጅሙ መስመር መነሻው ላይ ነጭ ሆኖ ጫፉ ላይ ደብዝዞ ቢጫ ሆነ። መብራቱ የተበላሸ መስሎኝ ልፈታው ስል ጋሽ ሙሳ ጫፉን ለኩ። አሥራ ሁለት መሆን የነበረበት ቮልት መንገድ ላይ አልቆ ዘጠኝ ገብቷል። ከኋላ በኩል ሌላ ወፍራም ሽቦ አምጥተን ከሁለቱም ጫፍ መገብነው፤ ተስተካከለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከሦስተኛው ቻናል ቃጠሎ ሸተተኝ። ለአንድ ቻናል የማይችለውን ርዝመት ጭኜበት ኖሯል። ጭነቱን ማካፈል፣ ካልበቃም መሃል ላይ ኃይል ማጉያ ማስገባት እንዳለብኝ የተማርኩት በዚያ ሽታ ነው።

ሁሉም ሰው ፍጥነት ይወዳል። ጋሽ ሙሳ ግን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሽቅብ እያዩ «ቀንሺው፣ ቀንሺው» ይሉኛል። ሩጫው አልቆ እንደገና ከመጀመሩ በፊት ሁሉም የሚጠፋበት አንድ ትንፋሽ ያህል ጨለማ ያስጨምሩኛል። ያቺ ጨለማ ከሌለች ዓይን ይደክማል፣ ሰውም ቀና ብሎ አያይም። እውነታቸውን ነበር።

ጋሽ ሙሳ ጡረታ ወጡ፣ እኔ የክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ፣ ደሳለኝ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ መጣ። ለደሳለኝ መብራት የልጅ መጫወቻ ነው። «አሥራ ሁለት ቮልት ማንን ይገድላል?» ይላል። ስንት ጊዜ ነገርኩት! መብራቱ ጋ የሚደርሰው አሥራ ሁለት ነው፤ ወደ አሥራ ሁለት የሚቀይረው ፓወር ሰፕላይ ውስጥ የሚገባው ግን ቤት ውስጥ ያለው ሁለት መቶ ሃያ ነው። ይሰማኛል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ በሳምንቱ ያንኑ ይደግመዋል።

ከዚያ የሰርግ አዳራሹ ሥራ መጣ። አሰላ ውስጥ አዲስ የተሠራ አዳራሽ ነው፤ ባለቤቱ ፊቱን ሙሉ ከላይ እስከ ታች በመብራት እንድንሸፍነው ፈለገ። ሦስት መቆጣጠሪያ፣ ሃያ አራት ቻናል። እንደዚያ ያለ ትልቅ ሥራ ሠርቼ አላውቅም ነበር። እያንዳንዱን ሽቦ ቁጥር ሰጠሁት። መብራቱ ከጣሪያው ተነሥቶ በዓምዶቹ ላይ እንደ ውኃ ወርዶ በደረጃው የብረት መደገፊያ ላይ እንዲያልቅ አድርጌ አዘጋጀሁት። አልዋሽም፣ ስሠራው ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁለት ነገሮች ግን አልሆኑም። ግራውንድ የሚባለው፣ የሚያፈስ ኃይልን ወደ መሬት የሚወስደው ብረት፣ ግቢው ውስጥ መቀበር ነበረበት፤ ባለቤቱ «አሁን ያስነጠፍኩትን ንጣፍ አታፈርሱም» አለ። ሁለተኛው፣ የፓወር ሰፕላዮቹ ሳጥን ዝናብ የማያስገባ መሆን ሲገባው ደሳለኝ የተገኘውን ተራ ሳጥን ላከ። ወሩ ሐምሌ ነው። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ዝናብ ደግሞ ከላይ ብቻ አይመታም፣ በጎንም ይገባል።

ለምርቃቱ ሁለት ቀን ሲቀረው መብራቱን አበራነው። ዝናብ መጣ፣ ሊኬጅ ብሬከሩ ቆረጠ። ይህ ብሬከር ኃይል ወደማይገባው ቦታ ሲፈስ ራሱ የሚያቋርጥ መሣሪያ ነው። መለስኩት፣ ቆረጠ። እንደገና መለስኩት፣ ቆረጠ። ብሬከሩ አልተበላሸም። ሥራውን እየሠራ ነበር፤ የሆነ ቦታ ውኃ ገብቷል እያለኝ ነበር።

ደሳለኝ መጣ።

«ምንድን ነው የሚጠፋው?»

«ያፈስሳል። ሳጥኑ ይቀየር፣ ግራውንዱ ይቀበር። ሦስት ቀን ስጠኝ።»

«ምርቃቱ ከነገ ወዲያ ነው፤ የምን ሦስት ቀን? ብሬከሩን ዝለይውና በቀጥታ አገናኚው። ከምርቃቱ በኋላ ታስተካክይዋለሽ።»

«አይሆንም።»

«አንቺ ካልቻልሽ የሚችል አመጣለሁ። ኃላፊነቱንም ለሱ እሰጠዋለሁ።»

ብዙ ምክንያት ነበረኝ፤ ልዘርዝራቸው ብዬ ጀምሬ ሰረዝኳቸው። አንዱም አይበቃም። የስንዝር ያህል ሽቦ ቆርጬ፣ ጫፎቹን ልጬ፣ ብሬከሩን ዘልዬ አገናኘሁት። በገዛ እጄ። መብራቱ በራ፣ አልቆረጠም። ደሳለኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ።

ምርቃቱ አለፈ። በማግስቱ ሰኞ ልጠግን ስል ደሳለኝ ሌላ ሥራ ሰጠኝ። በሳምንቱም ሌላ። እኔም ጠየቅሁ እንጂ አልጮህኩም። አሁን ሳስበው መጮህ ነበረብኝ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሙና ደረጃውን ታጥብ ነበር። ሙና የአዳራሹ የጽዳት ሠራተኛ ናት፣ የሁለት ልጆች እናት። በትርፍ ጊዜዋ በኪሮሽ የሱፍ ኮፍያ እየሠራች ትሸጥ ነበር፤ የአሰላን ብርድ የሚያውቅ ሁሉ ይገዛታል። ሰርግ ስለነበረ መብራቱ ከቀኑ ጀምሮ በርቷል። እግሯ ውኃ ውስጥ ነው። አንድ ደረጃ ልትወርድ የብረቱን መደገፊያ ያዘች። ያዛት። መልቀቅ አልቻለችም። ዘበኛው ጩኸቷን ሰምቶ ሮጦ ዋናውን ማብሪያ እስኪያጠፋው ድረስ በቀኝ እጇ ብረቱ ላይ ተንጠልጥላ ቆየች፤ ሲጠፋ ከደረጃው ወደቀች። ተረፈች። የቀኝ እጇ መዳፍ ግን ተቃጠለ፤ ሁለት ጣቶቿ ከዚያ ወዲህ አልተዘረጉም።

ሰምቼ ስደርስ ወደ ሐኪም ወስደዋታል። አንድ የላስቲክ ጫማዋ ደረጃው ላይ ቀርቷል። ከእኔ ቀድመው የደረሱት ጋሽ ሙሳ ነበሩ፤ ቤታቸው እዚያው ሰፈር ነው። ሳጥኑን ከፍተው ቆመዋል። የዘለልኩበትን ሽቦ አዩት። የሽቦ ጫፍ እንዴት እንደሚላጥና እንዴት እንደሚጠመዘዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የማን እጅ እንደሆነ ያውቁታል። ኃይሉ መጥፋቱን ሦስት ጊዜ ለኩ፤ ሽቦውን ነቅለው መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«ወይንሸት፣ ይህን አንቺ ነሽ ያደረግሽው?»

«አዎ፣ ጋሽ ሙሳ።»

«ሂጂና ለልጅቱ ንገሪያት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ ሰላም ይሉኝ ነበር፤ ቤታቸውም ስሄድ ምግብ ያስቀርቡልኛል። «ኢንተላ ኮ» ግን ብለውኝ አያውቁም። ወይንሸት ነበር የሚሉኝ።

ለልጅቱ አልነገርኳትም። ይኸው ሁለተኛው ጥፋቴ ነው፤ ከመጀመሪያው የሚብሰውም እሱ ነው። ደሳለኝ ሪፖርት አዘጋጅቶ ጠራኝ። አንድ ገጽ ነው። «ሠራተኛዋ ኃይል ሳታስቋርጥ በውኃ በማጠቧ፣ በራሷ የጥንቃቄ ጉድለት ጉዳት ደርሶባታል» ይላል። ከታች ለክፍሉ ኃላፊ ፊርማ ክፍት ቦታ አለ።

«ፈርሚ» አለኝ። «ካልፈረምሽ ሽቦውን ማን እንዳገናኘው ይጠየቃል።»

ፈረምኩ።

ሆስፒታል ሄጄ ብርቱካን ሰጥቻት «እግዜር ይማርሽ» ብዬ ወጣሁ። እሷ ደግሞ አመሰገነችኝ! ሰባት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ያንን እጇን በነጠላዋ ሸፍና «እትዬ ወይንሸት፣ ደህና ነዎት?» ስትለኝ ኖረች። ኪሮሹን ተወችው። አዳራሹም በሪፖርቱ ምክንያት አሰናበታት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው ማይክራፎን ይዞ «አንድም አደጋ አልደረሰም» ያለው። የዋሸው ለእኔ ክብር ብሎ እንዳይመስላችሁ፤ ለራሱ ነው። ጋቢውን ሊያለብሰኝ ሲመጣ ማይክራፎኑን ከእጁ ተቀበልኩት። ንግግር አዋቂ አይደለሁም።

«ደርሷል» አልኩ። «ሙና የምትባል ሴት እጇ ተቃጥሏል። ብሬከሩን የዘለልኩት እኔ ነኝ። ያዘዘኝ እሱ ነው። ጥፋቱ የእሷ ነው ብለን ጽፈን የፈረምነው ሁለታችን ነን።»

ማንም አላጨበጨበም። ደሳለኝ ፈገግ ለማለት ሞከረና «ወይዘሮ ወይንሸት ዛሬ ስሜታዊ ሆነዋል» አለ። ጋቢውን እጁ ላይ ትቼለት ወጣሁ።

በማግስቱ የሥራ ላይ ጉዳትን ወደሚያየው ቢሮ ሄጄ የሆነውን ሁሉ በጽሑፍ ሰጠሁ። የተቀበለኝ ጎልማሳ ሠራተኛ አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«እማማ፣ ይህ እርስዎንም እንደሚያስጠይቅዎ ያውቃሉ?»

«ይጠይቁኝ» አልኩት።

ሁለት ጊዜ ጠርተው ጠየቁኝ፤ ደሳለኝንም ጠሩት። ካደ። ዘበኛው ግን ያየውን መሰከረ፤ የጋሽ ሙሳ ልጅም አባቱ በዚያ ቀን የሳሉትን የሳጥኑን ሥዕል ከነዝላዩ ሽቦ ይዞ መጣ። ይህን ሥዕል መሳላቸውን አላውቅም ነበር። የአዳራሹ መብራት እንደገና በደንብ እስኪዘረጋ ድረስ ተቋረጠ። ደሳለኝ ዛሬም ሥራው ላይ ነው። ጉዳዩ አላለቀም። ይህን የምጽፈው ጥርሴን ነክሼ ነው።

ሪፖርቱ ግን ተሻረ። ውሳኔው በወጣ ቀን የእሷ ግልባጭ ገና እጇ ሳይደርስ እኔ አንዱን ይዤ ሙና ቤት ሄድኩ። ባሏ ጀማል በረንዳው ላይ የማረሻ እርፍ ይጠርብ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ፣ ሳልቀመጥ፣ ሽቦውን እንዴት እንዳገናኘሁና እንደፈረምኩ ለሙና ነገርኳት።

«እያወቁ ነው እንዴ ብርቱካን ያመጡልኝ?» አለችኝ።

«እያወቅሁ ነው።»

«ይቅር በይኝ ብለው እንዳይጠይቁኝ» አለች። «ዛሬ አልችልም።»

አልጠየቅኋትም። ወረቀቱን ተቀበለችኝ። የማይዘረጉትን ጣቶቿን ጠርዙ ላይ አሳርፋ፣ በግራ እጇ መስመሩን እየተከተለች ዝቅ ባለ ድምፅ ማንበብ ጀመረች። «በሠራተኛዋ በኩል ምንም ዓይነት ጥፋት አልተገኘም» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች፤ መልሳ አነበበችው። ከዚያ ፊቷን ወደ በረንዳው አዞረች።

«ጀማል!»

«አቤት?»

«ሥራውን ተወውና ግባ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንተና እናትህ ‹ቸኩለሽ ነው፣ ሳታጠፊው ነው› ስትሉኝ ነበር አይደል? ና፣ ቁጭ በል። ላንብብልህ።»

ጀማል እጁን እየጠረገ ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ሙና ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ያዘችና ከመጀመሪያው ቃል ጀመረች።